«መጀመሪያ በራሴ ላቁምና ንጹሕ ሆኜ ልሂድ» ላሉን ጠያቂ

ይህን ደብዳቤ የላኩልን በሜሪላንድ ግዛት ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ የ43 ዓመት አባወራ ናቸው። ማንነታቸውን ሊያስታውቁ የሚችሉ ነገሮችን አውጥተን እንደሚከተለው አሳጥረነዋል፦

«አሜሪካ ከመጣሁ 16 ዓመት ሆኖኛል። ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ የምተዳደረው ታክሲ በመንዳት ነው። መጠጥ የጀመርኩት ከሥራ በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ነበር፤ አሁን ግን ቤተሰቡ ሲተኛ ቤዝመንት ወርጄ ብቻዬን ነው የምጠጣው። ድሮ ሑዳዴን ሙሉ አልቀምስም ነበርና ‹ሱሰኛ ብሆን ኖሮ ይህን ያህል አልቆይም› እያልኩ እጽናና ነበር። ዘንድሮ ሁለተኛውን ሳምንት እንኳ አልጨረስኩም። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሽ ካልቀመስኩ አይረጋልኝም። ባለቤቴ የኤ ኤ (መጠጥ ለማቆም እርስ በርስ የሚረዳዱ ሰዎች ማኅበር) ስብሰባ አድራሻ አግኝታ ሰጠችኝ፤ እስከ በሩ ድረስ ነድቼ ሄጄ መኪናዬ ውስጥ ቆይቼ ተመለስኩ። ቦታው የሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሐበሻ ቢያየኝስ ብዬም ፈራሁ። እንግሊዝኛዬ ለሥራ ይበቃኛል እንጂ የልቤን ለማውራት አይሆንም። ስለዚህ መጀመሪያ በራሴ አንድ ወር ላቁምና ንጹሕ ሆኜ ልሂድ ብዬ ወስኛለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

ወንድሜ፣ ከጭንቀቶችዎ ሁሉ አስቀድሜ የምመልሰው የመጨረሻውን ነው። ሌሎቹ ቀስ ብለው የሚፈቱ ናቸው፤ «በራሴ አንድ ወር ላቁም» የሚለው ውሳኔ ግን እርስዎ አሁን ባሉበት ሁኔታ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። እጅ ጠዋት ጠዋት ተንቀጥቅጦ መጠጥ ሲቀመስ የሚረጋ ከሆነ፣ ሰውነት አልኮልን ከመላመዱ የተነሳ ሲጎድልበት መታመም ጀምሯል ማለት ነው። ለዓመታት በየቀኑ አልኮል ሲያደነዝዘው የኖረ አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ከልክ በላይ ያነቃቃል፤ አልኮሉ በድንገት ሲቋረጥ ያ መነቃቃት ገደብ ያጣና ላብ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ማቅለሽለሽና መንቀጥቀጥ ይከተላል። ምልክቶቹ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ስድስት ሰዓት ያህል ቆይተው ይጀምራሉ። በአንዳንድ ሰዎች ላይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንፈራገጥ ይመጣል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት፣ ትኩሳትና የደም ግፊት መናር ሊከሰት ይችላል፤ ይህኛው በጊዜ ካልታከመ ይገድላል። ከዚህ ቀደም ሑዳዴን በሰላም ማሳለፍዎ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም፤ እንዲያውም ደጋግሞ ማቆምና ደጋግሞ መጀመር የሚቀጥለውን የማቆም ጊዜ ሕመም ሊያከብደው እንደሚችል በሕክምና የታወቀ ነው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የመጀመሪያው ቀጠሮዎ ከሐኪም ጋር ይሁን። ምን እንደሚጠጡ፣ ስንት እንደሚጠጡ፣ ከመቼ ጀምሮ በየቀኑ እንደሆነና ጠዋት የሚሰማዎትን ሁሉ ሳይቀንሱ ይንገሩት፤ አብዛኛው ሰው ለሐኪሙ መጠኑን አሳንሶ ይናገራል፣ ሐኪሙም በተነገረው ልክ ስለሚያክም የሚጎዳው ታካሚው ነው። ሐኪሙ ሁኔታዎን ካየ በኋላ በቤትዎ ሆነው በመድኃኒት እየታገዙ እንዲያቆሙ ወይም ለጥቂት ቀናት ሆስፒታል እንዲተኙ ይወስናል፤ ለረጅም ጊዜ የጠጣ ሰው የሚጎድለውንና እጥረቱ የማስታወስ ችሎታን የሚጎዳውን ቫይታሚን ቢ1 ሊያዝልዎም ይችላል። ሐኪም እስኪያይዎ ድረስ በአንድ ጊዜ አያቋርጡ። መንፈራገጥ፣ መቃዠት ወይም ራስን መሳት ከታየ ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ባለቤትዎ ወዲያውኑ ወደ 911 ይደውሉ።

እዚህ ላይ ሳልለሳልሰው መናገር የሚገባኝ ነገር አለ። ጠዋት ትንሽ ቀምሰው እጅዎ ከረጋ በኋላ ታክሲ እየነዱ ከሆነ፣ ከዛሬ ጀምሮ አይንዱ። አልኮል ከደም የሚወጣው በግምት በአንድ ሰዓት አንድ መደበኛ መጠጥ (አንድ ጠርሙስ ቢራ ገደማ) ያህል ነው፤ ቡና መጠጣትም ሆነ ሰውነት መታጠብ አያፋጥነውም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ጠጥቶ የተኛ ሰው ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ሲነሳ በደሙ ውስጥ ያለው መጠን ሜሪላንድ ለአሽከርካሪ ካስቀመጠችው የ0.08 በመቶ ወሰን በላይ ሊሆን ይችላል። የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ እንዳለብዎ አውቃለሁ፤ ጥቂት ሳምንታት ያለ ገቢ መቆየት ከባድ ነው። ሆኖም ከኋላ ወንበር የሚቀመጠው ተሳፋሪና መንገድ የሚሻገረው ልጅ ይህን አደጋ አልመረጡትም።

እንግሊዝኛዎ ሐኪም ፊት እንዳያሸማቅቅዎ ይህን ይወቁ፦ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት፣ እንግሊዝኛ ለሚቸግረው ታካሚ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲይዙ «የአማርኛ አስተርጓሚ በስልክ ይሁንልኝ» ብለው ይጠይቁ፤ በስልክ የሚያስተረጉመው ሰው ብዙ ጊዜ ሌላ ግዛት ስለሚሆን የሰፈር ሰው ምስጢሬን ይሰማል የሚለው ስጋትዎ ይቀልላል። ልጆችዎን ግን ለዚህ ጉዳይ አስተርጓሚ አያድርጉ። የመጠጥ ፍላጎትን የሚቀንሱ መድኃኒቶች እንዳሉም ሐኪሙን ይጠይቁ፤ ናልትሬክሶንና አካምፕሮሴት የተባሉት ለዚሁ ሕመም በአሜሪካ የተፈቀዱ ናቸው፣ የመጀመሪያው ከ1994፣ ሁለተኛው ከ2004 ጀምሮ። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ወሬያቸው ብዙም ስለማይሰማ «በኔ ጠባይ ድክመት የመጣ ነው» እያለ ራሱን የሚወቅስ ሰው መድኃኒት መኖሩን ሳያውቅ ዓመታት ያልፉበታል።

ሐኪሙ ከመጀመሪያዎቹ አደገኛ ቀናት ያሻግርዎታል። ከዚያ በኋላ ያለውን ረጅሙን ጊዜ፣ ማለትም ቤቱ ሲተኛና ቤዝመንቱ ሲታሰብዎ ያለውን ሰዓት፣ ከእርስዎ ጋር ሊያሳልፈው አይችልም፤ ስብሰባው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ወደ ስብሰባው ለመሄድ ደግሞ ሕክምናው እስኪያልቅ መጠበቅ አያሻዎትም። በኤ ኤ ማለትም በአልኮሆሊክስ አኖኒመስ አባል ለመሆን የሚጠየቀው አንድ ነገር መጠጥ የማቆም ፍላጎት ነው፤ ያቆመ መሆን አይጠየቅም። በአንዳንድ ቡድኖች በዕለቱ የጠጣ ሰው እንዳይናገርና እንዲያዳምጥ ብቻ ይለመናል፤ አይባረርም።

የማኅበሩ አጀማመር ራሱ ለእርስዎ ጥያቄ መልስ አለው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሰው፣ መጠጥ ካቆመ ገና ጥቂት ወራት ሆኖት፣ ለሥራ ወደ ኦሃዮ ግዛት አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረ። በሆቴሉ መግቢያ ላይ ብቻውን ቆሞ ከመጠጥ ቤቱ የሚመጣውን ድምፅ ሲሰማ እንደሚሸነፍ ገባው፤ ስለዚህ የአብያተ ክርስቲያናት ስልክ ቁጥሮችን አግኝቶ መደወል ጀመረ። የፈለገው እንደ እርሱ በመጠጥ የተቸገረ ሌላ ሰው ነበር። ከሰው ሰው ሲያገናኙት በመጨረሻ ቦብ ስሚዝ የተባለ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ደረሰ። ስሚዝ ከከባድ ስካር ማግስት ነበር፤ «15 ደቂቃ ብቻ» ብሎ መጥቶ ለሰዓታት ተቀምጦ አወራ። ከሳምንታት በኋላም አትላንቲክ ሲቲ ወደተደረገ የሐኪሞች ጉባኤ ሄዶ እንደገና ሰክሮ ተመለሰ። የመጨረሻ መጠጡን የጠጣበት ጁን 10 ቀን 1935 እስከ ዛሬ የማኅበሩ የልደት ቀን ሆኖ ይታሰባል። ከሁለቱ መሥራቾች አንዱ ወደ መጀመሪያው ውይይት ንጹሕ ሆኖ አልመጣም፤ ንጹሕ የሆነው ከተወያየና ከወደቀም በኋላ ተመልሶ በመምጣቱ ነው።

ይህ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የሕክምና ጥናቶችን እየመዘነ የሚያወጣው ኮክሬን የተባለ ተቋም በ2020 ከ10,000 የሚበልጡ ሰዎች የተካተቱባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ታካሚዎችን ወደ ኤ ኤ የሚመሩ በሥርዓት የተዘጋጁ ሕክምናዎች መጠጥን ፈጽሞ በመተው ረገድ ከሌሎቹ የታወቁ የሥነ ልቦና ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን ገልጿል። ለሁሉም ሰው ይሠራል ማለት አይደለም፤ ለአንድ ወር ብቻውን ከሚታገል ሰው ይልቅ ግን በሰዎች መካከል የሚታገለው የተሻለ ዕድል እንዳለው ለማመን በቂ ምክንያት አለኝ።

አሁን ስብሰባን ስለ ማግኘት ልናገር። በእርስዎ አካባቢ የዲሲንና የቅርብ ሜሪላንድን ስብሰባዎች የሚያስተባብር «ዋሽንግተን ኤሪያ ኢንተርግሩፕ አሶሲየሽን» የተባለ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ ደግሞ «ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኢንተርግሩፕ» ይባላል። ሁለቱም በድረ ገጻቸው የየቀኑን ስብሰባ ከነሰዓቱና ከነቦታው ያወጣሉ፣ ስልክም ያነሳሉ። በስልክዎ ላይ የሚጫን «ሚቲንግ ጋይድ» የተባለ ነጻ መተግበሪያም አለ፤ አዶው ሰማያዊ ሆኖ በላዩ ወንበር ይታይበታል፣ በአቅራቢያዎ ያለውን ስብሰባ በርቀትና በሰዓት ለይቶ ያሳያል። ዝርዝሩን ሲያዩ ሁለት ነገሮችን ይለዩ። «ክፍት» የተባለው ስብሰባ ማንም፣ ቤተሰብም ተማሪም፣ ገብቶ ሊያዳምጥ የሚችልበት ነው፤ «ዝግ» የተባለው መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች ብቻ ነው። ከዚህ ሌላ ለጀማሪዎች፣ ለወንዶች ወይም ለሴቶች ብቻ የሚደረጉ፣ አንድ ሰው ታሪኩን የሚተርክባቸው፣ መጽሐፍ እየተነበበ የሚወያዩባቸውም አሉ። ለእርስዎ የምመርጠው በመጀመሪያ የጀማሪዎችን ስብሰባ ነው፤ ገና የገቡ ሰዎች ስለሚበዙበት ማንም አዋቂ ሆኖ አይታይም።

መኪና ውስጥ ተቀምጠው ስለ መመለስዎ አንድ ተግባራዊ ነገር ልንገርዎ። ከመሄድዎ አንድ ቀን በፊት ወደ ኢንተርግሩፑ ደውለው «የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው፣ በር ላይ የሚቀበለኝ ሰው ማግኘት እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። ይህ እንደ ልዩ ውለታ የሚቆጠር አይደለም፤ አዲስ ሰው መቀበልን የነባር አባላት ዋና ሥራ አድርጎ የያዘ ማኅበር ነው። በስምዎ ሳይሆን በመጀመሪያ ፊደልዎ ብቻ እንኳ ቢያውቅዎ፣ ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ላይ የሚጠብቅዎ ሰው አለ ማለት መኪናውን አስነስቶ ለመሄድ ይከብዳል። ይህም ከከበደዎ በኢንተርኔት የሚደረጉ ስብሰባዎች በየሰዓቱ አሉ፤ ካሜራዎን አጥፍተው፣ ስምዎን ሳይጽፉ ማዳመጥ ይችላሉ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነው፤ ከቤዝመንቱ የማያስወጣ መሆኑ ግን ለእርስዎ ሁኔታ ጉድለቱ ስለሆነ በእርሱ ብቻ እንዲቆዩ አልመክርም። ሕክምና ቤት ለማፈላለግ ደግሞ የፌዴራል መንግሥቱ ነጻ መስመር 1-800-662-4357 ቀንና ሌሊት ይሠራል፤ ምስጢርዎ የተጠበቀ ነው፣ የኢንሹራንስ መረጃም አይጠይቅም።

ክፍሉ ውስጥ ምን እንደሚደረግ ቢያውቁ ፍርሃትዎ እንደሚቀንስ አምናለሁ። ስብሰባው ብዙውን ጊዜ አንድ ሰዓት ያህል ነው። መሪው አጭር መግቢያ ያነባል፤ «አዲስ ሰው አለ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል፣ እጅ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ከዚያ ሰዎች በየተራ ይናገራሉ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ ምክር አይሰጥም፣ አይከራከርም። በየተራ የሚደገስበት ማኅበር እያየ ላደገ የእኛ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንም፦ ወንበር የሚደረድረው፣ ቡና የሚያፈላውና ስብሰባውን የሚመራው ከአባላቱ መካከል በየተራ የሚመረጥ ነው፤ ደመወዝተኛም አለቃም የለም። ምዝገባ የለም፤ መታወቂያ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ወይም ኢንሹራንስ የሚጠይቅ የለም። መጨረሻ አካባቢ ቅርጫት ይዞራል፤ አባላት አንድ ሁለት ዶላር ይጥላሉ፣ አዲስ የመጣ ሰው ምንም ባይሰጥ የሚያየው የለም። ለ24 ሰዓት፣ ለአንድ ወር፣ ለአንድ ዓመት እያሉ ትንሽ ሳንቲም የመሰለ ማስታወሻ የሚሰጡ ቡድኖችም አሉ።

ተራዎ ሲደርስ «ዛሬ ማዳመጥ ብቻ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል፤ ይህን ደግሞ የታክሲ እንግሊዝኛዎ በሚገባ ይችለዋል። ለመናገር ሲወስኑም የሚያስፈልገው ቋንቋ ትንሽ ነው። በእነዚህ ክፍሎች ውስጥ እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነ ሰው ብርቅ አይደለም፤ «ትናንት ጠጣሁ፣ ዛሬ ፈራሁ» ያለ ሰው ሁሉንም ተናግሯል። ወደ ኢንተርግሩፑ ሲደውሉም አማርኛ የሚናገር አባል ወይም በአማርኛ የሚካሄድ ስብሰባ የሚያውቁ ከሆነ ይጠይቁ።

«ሐበሻ ቢያየኝስ?» ያሉት እውነተኛ ጭንቀት ነው፤ አላቃልለውም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሐበሻ ዐይን ተሰውሮ ምንም ማድረግ እንደማይቻል እኔም አውቃለሁ፣ ሐሜታችንም ፈጣን ነው። ነገር ግን ዝግ ስብሰባ ውስጥ የሚያገኙት ወገንዎ እዚያ የመጣው በእርስዎው ምክንያት ነው፤ እርስዎ እንዳዩት እርሱም አይቶዎታል፣ የሁለታችሁም ምስጢር በሁለታችሁም እጅ ነው። ይህም ሐሳብዎን ካላሳረፈው ለመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ፖቶማክን ተሻግረው ቨርጂኒያ ወዳለ ስብሰባ ይሂዱ፤ ሩቅ መሄድ ነውር የለበትም፣ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፤ በስብሰባው የሚነገረውን ምስጢር የሚጠብቀው የአባላቱ ቃል ነው፣ እንደ ጠበቃና እንደ ሐኪም በሕግ የታሰረ አይደለም። የፍርድ ቤት ወይም የኢሚግሬሽን ጉዳይ ካለብዎ ዝርዝሩን ለጠበቃዎ ይንገሩ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ስለ መጠጡና ስለ ራስዎ ብቻ መናገር በቂ ነው። ደግሞም ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለዓመታት በየዕለቱ የሚጠጣን ሰው የቅርብ ወዳጆቹ አያውቁም ብዬ አላስብም። ብዙዎቹ አዝነው ዝም ብለዋል።

ቦታው የሌላ እምነት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን በተመለከተ፣ ቡድኖቹ የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚጠቀሙት ኪራዩ ርካሽ ስለሆነ ነው፤ ከሕንጻው ባለቤት ጋር የእምነት ግንኙነት የላቸውም። ኤ ኤ ከማንኛውም ሃይማኖት ጋር ያልተሳሰረ መሆኑን በየስብሰባው በሚነበበው መግቢያው ይናገራል። አሥራ ሁለቱ የማገገሚያ ደረጃዎች ስለ እግዚአብሔር ያነሳሉ፤ ሆኖም «እንደምንረዳው» የሚል ቃል ጨምረውበታል፣ ይህም እርስዎ የተጠመቁበትን እምነት እንደያዙ እንዲቀመጡ ቦታ ይሰጥዎታል። በመዝጊያው ላይ ጸሎት ሲደረግ ካልተመቸዎ ዝም ብለው መቆም ይችላሉ። አምስተኛው ደረጃ ሰው ጥፋቱን ለእግዚአብሔር፣ ለራሱና ለሌላ ሰው እንዲናዘዝ ይላል፤ ለአንድ ኦርቶዶክሳዊ ይህ ምን ያህል ቅርብ እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፣ ያንን ደረጃ ከንስሐ አባትዎ ጋር መፈጸምም ይቻላል። ጸበል መጠመቅ የሚፈልጉ ከሆነ የሚከለክልዎ የለም። የምለምንዎ ግን ሰውነትዎ ከአልኮል በሚላቀቅባቸው የመጀመሪያ ቀናት ከሐኪም ርቀው፣ ምግብና ውኃ ከልክለው፣ መድኃኒትዎን ትተው እንዳይሆን ነው። ስለ እግዚአብሔር ከማያውቋቸው ሰዎች ጋር መነጋገር ፈጽሞ ካልተስማማዎ፣ ከ1994 ጀምሮ ያለው «ስማርት ሪከቨሪ» የሃይማኖት ነገር ሳያነሳ ፍላጎትንና አስተሳሰብን ለመቆጣጠር የሚያስችሉ ዘዴዎችን ያስተምራል፤ እርሱም ነጻ ስብሰባ አለው።

አንዱን ስብሰባ አይተው በዚያ አይፍረዱ። አንዳንዱ ቡድን ቀዝቃዛ ነው፣ በአንዳንዱ አንድ ሰው ብቻውን ሲያወራ ሰዓቱ ያልቃል፤ ቢያንስ አምስት ስድስት የተለያዩ ስብሰባዎችን ይሞክሩ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ብዙ ጊዜ ይሂዱ። የሚመችዎ ሲገኝ ሁልጊዜ እዚያው ይመለሱ፤ ሲቀሩ «የት ጠፋህ?» የሚልዎ ሰው የሚኖረው ያኔ ነው። ከዚያ ንግግሩን ከወደዱለት፣ ለዓመታት ሳይጠጣ ከቆየ ወንድ አባል አንዱን ስፖንሰር እንዲሆንልዎ ይጠይቁ፤ ስፖንሰር ማለት በሌሊት የሚደውሉለትና ደረጃዎቹን አብሮ የሚያሳይዎ ሰው ነው። መድኃኒትዎን እንዲያቋርጡ የሚመክር አባል ቢያጋጥምዎ አይስሙት፤ የሐኪም ሥራ መሥራት የአባላቱ ፈንታ እንዳልሆነ ማኅበሩ ራሱ ጽፎ አስቀምጧል።

ስለ ሑዳዴ ያሉትን ደግሜ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጾሙን የጠበቁት በእውነተኛ ፈቃድ ነው፣ ያንን ማንም አይወስድብዎትም። ነገር ግን የሑዳዴ ማብቂያ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ፋሲካ ሲመጣ መጠጡም ይመጣል፣ ሰውየውም ቀኑን እየቆጠረ ይደርሳል። ስለዚህ «አንድ ወር» ብለው ሲወስኑ የሚያስፈራኝ ያው ነገር ነው፤ ወሩ ሲያልቅ ምን ሊያደርጉ ነው? በስብሰባዎቹ የተለመደው አነጋገር «ዛሬን ብቻ» የሚል ነው፤ ቀነ ገደብ የለውም፣ ለዘላለምም አያስምልም። በዓላቱን ደግሞ አስቀድመው ያስቡባቸው። የሠርግ፣ የክርስትናና የለቅሶ ቤት ግብዣችን «በሞቴ፣ አንድ ብቻ» በሚል ፍቅር የተሞላ ነው፤ ያ ፍቅር እርስዎን ሊገድልዎ እንደሚችል የጋበዘዎ ሰው አያውቅም። «መድኃኒት ላይ ነኝ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ይበሉ፤ ውሸት አይሆንብዎትም፣ የእኛም ሰው ሐኪም ያለውን ያከብራል። ዘግይተው ይሂዱ፣ ቀድመው ይውጡ፣ ከመግባትዎ በፊትና ከወጡ በኋላ ለስፖንሰርዎ ይደውሉ። በፋሲካ ዕለትም ስብሰባ አለ፤ የእነርሱ ፋሲካ ከእኛ ስለሚለይ አብዛኛውን ጊዜ ለእነርሱ ተራ እሑድ ነው። ቢወድቁ ደግሞ ለሚቀጥለው ሳምንት አያቆዩት፤ በማግስቱ ይመለሱ፣ ቦብ ስሚዝም የተመለሰው እንዲሁ ነው።

በመጨረሻ ስለ ባለቤትዎ። አድራሻውን ፈልገው ያገኙልዎ እርሳቸው ናቸው፤ ይህን ሁሉ ዓመት ሌሊት ነቅተው ደረጃ ላይ የእግርዎን ድምፅ ሲያዳምጡ እንደኖሩ እገምታለሁ። ለጠጪ ቤተሰቦች በ1951 የተቋቋመ «አል አኖን» የተባለ የእነርሱ ብቻ ስብሰባ አለ፤ በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆችም «አላቲን» የሚባል ክፍል አለው። እዚያ የሚማሩት እርስዎን መጠበቅን፣ ጠርሙስ መደበቅንና ለአለቃዎ ውሸት መናገርን እንዴት እንደሚያቆሙ ነው፤ እርስዎ ለመሄድ ባይወስኑ እንኳ እርሳቸው መሄድ ይችላሉ። በአንዳንድ ቦታ የኤ ኤና የአል አኖን ስብሰባዎች በአንድ ሕንጻ፣ በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ክፍል ይደረጋሉ። ከዝርዝሩ እንዲህ ያለውን ይፈልጉ፤ ለመንዳት እስኪፈቀድልዎም ድረስ መሪውን ባለቤትዎ ይያዙ።